በወፍጮ ሞተር የተሰላ ብርሃን

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍሽን የት ሠራሽው ሲሉኝ ወፍጮ ቤት ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን በዚያ ነገር ቀልድ አልወድም። መካነ ሰላም፣ ከገበያው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም የሰዉም ቅንድብ በዱቄት የነጣበት ወፍጮ ቤት ነበር። እዚያ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በግራሶ ጣሳ መሃል ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት።

ያን ጊዜ በከተማው መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል፣ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ እቆጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይከንፋል፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፣ በመጨረሻ ለመምህር ተብላ በተተወችው ጥቂት ደቂቃ እኔ ሁሉንም ልተረጉም እንደ እብድ እጮሃለሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ለፊዚክስ ከወረዳው የተሰጠው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። እኔ ላይ ሲወድቅ "ለሴት ሰጥተው አባከኑት" ያሉ ባልደረቦች ነበሩኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የጽሑፌ ጉዳይ ቅርጽ የተሰጠው የሌዘር ምት ነበር። አትሽሹ፣ አላከብደውም። ሁለት የወርቅ ቅንጣቶች ጎን ለጎን አስቡ፤ አንድ የራስ ፀጉር ብዙ ሺህ ጊዜ ቢሰነጠቅ የሚገኘውን ስንጣሪ ያህላሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ውስጣቸው ያለው ኤሌክትሮን፣ በእንስራ እንዳለ ውኃ፣ ወዲያ ወዲህ ይናጣል። ከዚያ ይበርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆንበት ጊዜ ለመናገር እንኳ ያስቸግራል። ሰከንድን ለሺህ ክፈሉት፤ ያንን እንደገና ለሺህ፤ እንዲህ እያላችሁ አምስት ጊዜ። እሱን ጥቂት አሥር ጊዜ ብትደጋግሙት ነው ነገሩ ተጀምሮ የሚያልቀው።

ይህን ያህል የሚቸኩል ነገር ለመያዝ እኩል የሚቸኩል ብርሃን ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ አጭር የብርሃን ምት ውስጥ ደግሞ ብዙ ቀለማት አብረው ይጓዛሉ። ቀዩን ትንሽ ብታስቀድሙት፣ ሰማያዊውን ትንሽ ብታዘገዩት የምቱ ቅርጽ ይለወጣል። ቅርጹን ያወቀበት ሰው ብርሃኑን መጀመሪያ በግራው ወርቅ፣ ቀጥሎ በቀኙ ወርቅ ላይ ተሰብሰብ ብሎ ሊያዘው ይችላል። የኔ ጥያቄ የትኛው ቅርጽ ነው የሚል ነበር። መሣሪያው ያለው ባሕር ማዶ ነው። እኔ ሌዘር የሚባል ነገር ያየሁት ልጆቹ ከገበያ ገዝተው ግንባሬ ላይ የሚያበሩብኝን ቀይ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራዬ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ብዙ ቅርጾችን ይሞክራል፣ ደህና ደህናዎቹን እንደ ዘር ይመርጣል፣ ያዳቅላል፣ እንደገና ይሞክራል። አንዱን ዙር ትውልድ እንለዋለን፤ መቶኛው ትውልድ ላይ ይቆማል።

ችግሩ መብራት ነበር። ዝናቡ ምሰሶ ጥሎ ከተማው ከጨለመ ሳምንታት አልፈዋል፤ በየቀኑ "ነገ ይመጣል" እንባላለን። ደሴ ወስጄ እንዳልሠራው ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ከከተማ እንዲወጣ አልፈቀዱም። ፕሮግራሙ ደግሞ አማካሪዬ የሰጡኝ የድሮ ሥራ ነው፤ እስኪጨርስ ድረስ ምንም አያስቀምጥም። መቶኛው ትውልድ ሳይደርስ ኃይል ከተቋረጠ ሁሉም ይጠፋል፣ ከዜሮ ይጀመራል። በየመሃሉ እንዲያስቀምጥ ልጠግነው ሞክሬ ውጤቱን አበላሸሁትና ፈርቼ እንደነበረ መለስኩት። ጊዜ አንዴ አራዝመውልኛል። አማካሪዬ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ቀናት ቀርቷቸዋል። በሚቀጥለው ገበያ ማግስት ንጋት ላይ በሚወጣው አውቶቡስ ውጤቱን ይዤ ካልሄድኩ ስሜ ይሰረዛል፤ ያቺ አንዲት ዕድልም "ድሮም ብለን ነበር" ለሚሉት ትመለሳለች።

ስለዚህ ሃጂው ዘንድ ሄድኩ። ሃጂው የወፍጮው ባለቤት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው። የናፍጣ ሞተራቸው ወፍጮውንም ያዞራል፣ ለመብራት የምትሆን ጀነሬተርም ያንቀሳቅሳል። ነገሩን ስነግራቸው ሰምተው ሰምተው፣ "የዘይት ክፍሉን ጠርገሽ ግቢ" አሉኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ናፍጣ አለቀ። በሁለተኛው ሰማንያ ምናምነኛው ትውልድ ላይ ቀበቶው ተበጠሰ፤ ያን ቀን የጮህኩትን ጩኸት የሰፈሩ ሰው ለወራት ሲያወራው ከረመ። የቀረኝ የነገው የገበያ ቀን ብቻ ሆነ። የገበያ ቀን እህል ስለሚበዛ ሞተሩ ሳያርፍ ይውላል።

የዘይት ክፍሉ ግድግዳ ከሸኹ ቤት ጋር የጋራ ነው። ሸኹ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጣላ የሚያስታርቁ አዛውንት ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሆኗቸው አልጋ ላይ ናቸው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሰው ሲሞት፣ ሬሳው አፈር እስኪገባ ድረስ ወፍጮ አይዞርም። ማንም አላወጀውም፣ የሚጥሰውም የለም። የጀመረ ሞተር ይጠፋል፤ አስፈጪዋም እህሏን ጥላ ወደ ለቅሶው ትሄዳለች። እንግዲህ ጭንቀቴን አስቡት። አንድ ሰው በግድግዳው ወዲያ ከሞት ጋር ተያይዟል፤ እኔ በወዲህ ኮምፒውተሬን ልተክል ነው።

በዋዜማው ልጠይቃቸው ገባሁ። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ትራስ ደግፈው አስቀምጠዋቸዋል። ሸኹ ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው።

"ሸኽዬ፣ ነገ ይሄ ሞተር ሊረብሽዎት ነው፤ ይቅር ከተባለ ይቀር" አልኩ። ይቅር ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ሠላሳ ዓመት ቁርኣን ያስቀራሁት በዚህ ሞተር ላይ እየጮህኩ ነው" አሉ። "የምደነግጠው ዝም ሲል ነው። ይልቅ ንገሪኝ፣ ይሄ ምትፈልጊው ብርሃን ስንት ይቆያል?"

ለሺህ፣ እንደገና ለሺህ እያልኩ ነገርኳቸው።

"ሱብሃነላህ! ታዲያ ማን አየው?"

"እኔስ አላየሁትም፤ በስሌት ነው የማውቀው።"

"ያላዩትን ማመን የእኛ የሸኾች ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር" ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እትዬ ደረታቸውን ደግፈው ያዟቸው።

ስወጣ እትዬ እስከ በር ሸኙኝ። አጭር ናቸው፤ ሲያወሩ የሰው እጅ ይይዛሉ። "ከመሃል ቢቆም ምን ይሆናል?" አሉኝ።

"ሁሉም ከዜሮ ነው እትዬ። ነገ ካልጨረስኩ አለቀልኝ።"

"አብሽሪ" አሉኝ። "አሏህ ያቃናዋል።"

በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሳ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጋሪ አምጥቼዋለሁ። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ "ትውልድ አንድ" የሚለው ቁጥር ሲበራ ቢስሚላህ ብዬ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ግምቴ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል።

እንዲህ ያለ ቀን ለጠላቴም አልመኝም። አንዷ ሴት እህሏን በአንዴ ስትገለብጥ ሞተሩ ያቃስታል፣ መብራቱ ይደክማል፣ ከኮምፒውተሩ ሥር ያለችው ቮልቴጅ ማስተካከያ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ እኔም ከክፍሉ ዘልዬ እወጣለሁ።

"ቀስ! ቀስ አድርጊው በአሏህ! በጥቂት በጥቂቱ!"

"ኧረ ቲቸር፣ ያንቺ ሳጥን ከኛ ገብስ ይበልጣል እንዴ?" ትላለች አንዷ።

"ይበልጣል!"

"ምንድን ነው ሚፈጨው?"

"ብርሃን!" እላለሁ ተናድጄ።

"እንግዲያ ሲፈጭ ትንሽ አቅምሽን" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔ አልሳቅኩም። ተመልሼ ቁጥሩን አያለሁ፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። የምፈራው ኡኡታ ነው።

ወደ አምስት ሰዓት ግድም እውነተኛ ጩኸት ተሰማ። ሴቶች ጮኹ፣ ሰው ሮጠ። ብድግ ብዬ ስወጣ ሃጂው እጃቸውን የሞተሩ ማጥፊያ ላይ አድርገዋል። "ሃጂ! ቆይ! ቆይ መጀመሪያ እንስማ!" አልኳቸው፤ እጃቸውን ያዝኩ ማለት ይቻላል፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይደረግም። ከውጭ ሳቅ መጣ። ከገበያው ያመለጠ ወይፈን የሽንኩርት ሻጮችን መደብ ረግጦ አልፏል፤ ያ ነበር ጩኸቱ። ሃጂው እጃቸውን አነሱ። እኔ ተመልሼ ቁጥሩን አየሁ።

ከዙህር፣ ከእኩለ ቀኑ ሶላት በኋላ እትዬ በወፍጮ ቤቱ በር ብቅ አሉ። ሻሻቸው በደንብ ታስሯል፣ ፊታቸው የታጠበ ይመስላል። ቀጥ ብለው ወደ ዘይት ክፍሉ መጡ። በቃ፣ አስጠፉት ሊሉ ነው አልኩ በልቤ። በሽተኛ ያለበት ቤት ነው፤ ቢሉስ ምን እላለሁ? ሳይናገሩ ቀድሜ ለፈለፍኩ፦

"ሊያልቅ ነው እትዬ፣ ወላሂ፣ ከአሥራ አንድ አያልፍም!"

ጎንበስ ብለው ወደ መስኮቱ አዩ። "ስንት ይላል?"

"ስልሳ አንድ። መቶ ሲሞላ ያልቃል።"

"መቶ" አሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። እጄን ይዘውኝ ነበር። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበረች፤ ውኃ ነክተው ነው አልኩ።

"ሸኽዬ እንዴት ዋሉ?"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ሌላ ሳይጨምሩ ወጡ። አስጠፉት አለማለታቸው ብቻ ነበር የታየኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ ከወረኢሉ በኩል ጠቆረ። የክረምት ገበያ ዝናብ ካየ አይጠብቅም። ሰዉ ተበተነ፣ አስፈጪዎቹም ዱቄታቸውን እየተሸከሙ ሮጡ። ሃጂው የመጨረሻውን ገብስ ከጠረጉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"እህል አልቋል። በባዶ አላዞርም፤ ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል።"

"ቀበቶውን አውጥተን ጀነሬተሩ ብቻ ይዙር።"

"ቀበቶ ለማውጣት ሞተሩ መቆም አለበት።"

ሰባ ዘጠኝ ይላል። ሰባ ዘጠኝ! ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኩ። ቤቴ ሩጬ ያለኝን ስንዴ እንዳላመጣ ኮምፒውተሩን ትቼ መሄድ ፈራሁ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ የአውቶቡስ መንገድ፣ አንድ ቁና እህል አጥቶ ሊቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ሃጂው ወደ ማጥፊያው ተራመዱ።

በዚህ መሃል እትዬ ገቡ። በጀርባቸው፣ በገመድ አስረው፣ እጥፍ ብለው፣ ትልቅ ማዳበሪያ ስንዴ አዝለዋል። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። ሃጂው ደንግጠው ተቀበሏቸው።

"እርስዎ ራስዎ? ሰው አጡ?"

"ሰው ገበያ ነው። ፍጩልኝ።"

"ይሄን ሁሉ? ዛሬ?"

"ዱቄት ያስፈልገኛል" አሉ እትዬ። "አትቸኩሉበት።"

ሃጂው ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። እትዬም አዩዋቸው። ከዚያ ሃጂው ከረጢቱን አንስተው እህሉ የሚወርድበትን አፍ አጠበቡና ስንዴው ፍሬ በፍሬ እንዲንጠባጠብ አደረጉት። በሕይወቴ እንዲህ ቀስ ብሎ የተፈጨ ስንዴ አላየሁም። ለኔ ብለው ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም "አሏህ ይስጥዎት ሃጂ" ብዬ መረቅኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

እትዬ ወደ ቤታቸው አልገቡም። በወፍጮ ቤቱና በግቢያቸው በር መሃል፣ ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው ተቀመጡ። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሲኖር "ተኝተዋል፣ አመሻሽ ላይ ኑ" ሲሉ ይሰማኛል። አንዱን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መለሷቸው። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲል ሃጂው መስጊድ አልሄዱም፤ ከረጢቶቹ መሃል ቁራጭ ሰሌን አንጥፈው ብቻቸውን ሰገዱና ተመልሰው እህሉን ጠበቁ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ልቤ ግን ቁጥሩ ላይ ነበር፤ ዘጠና፣ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ሁለት።

መቶ ሲሞላ መስኮቱ ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ቅርጹ ወጣ። ቀዩ የት እንደሚቀድም፣ ሰማያዊው የት እንደሚዘገይ የሚያሳይ ጠማማ መስመር ነው። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጉብታዎች አሉ፤ መጀመሪያ የግራው ወርቅ ይበራል፣ እሱ በርዶ ሳይጨርስ የቀኙ ይነሳል። ያልኩት ሆነ! ብርሃኑ ታዘዘ! በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩት፣ ከፍቼ አየሁት፣ እንደገና ከፍቼ አየሁት። ከዚያ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ፣ ዱቄት እንደለበስኩ ወጣሁ።

"አለቀ! ሃጂ፣ አለቀ! እትዬ፣ ጨረስኩ!"

እትዬ ከድንጋያቸው ተነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ነው የተነሱት።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ!"

"አሁን ቢጠፋ አይጠፋብሽም?"

"አይጠፋም እትዬ፣ ኪሴ ውስጥ ነው!"

ወደ ሃጂው ዞሩ። "አጥፉት" አሏቸው።

ሃጂው አጠፉት። ጎማው በዝግታ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ዝም አለ።

"ሸኹ ከዙህር አዛን በፊት አልፈዋል" አሉ እትዬ። "አሁን ሰው ጥሩልኝ።" ይህን ብለው ነው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ማልቀስ የጀመሩት።

ቆሜ ቀረሁ። ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ነበር፤ የት እንደማደርገው አላወቅኩም። እትዬ ስንት ይላል ብለውኝ ስልሳ አንድ ያልኳቸው ጊዜ ሸኹ ሞተው ነበር። ያ ቀዝቃዛ እጅ የባላቸውን ዓይን ከድኖ የመጣ እጅ ነበር። የለቅሶ ዱቄታቸውን ነው ተሸክመው የመጡት፤ ሃጂው ከረጢቱን ሲያዩ ነው የገባቸው። እኔ፣ የተማርኩት፣ ከአፍንጫዬ ሥር ያለውን አላየሁም።

"ለምን? ለምን እንዲህ አደረጉ እትዬ?" አልኩ።

"ሰው ጥሪልኝ አልኩሽ" አሉኝ።

ሰው መጣ፤ ሰፈሩ በአንዴ ሞላ። በእኛ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም፣ ወዲያው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ወደ አፈሩ ነው። የሸኹ ታላቅ ወንድም በምርኩዝ ገቡና ከክፍሉ ሲወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

"ደርቋል!" አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ይሄ አሁን የሞተ ሰው አይደለም። መቼ ነው ያለፈው? አንቺ የት ነበርሽ?"

ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሯል። እትዬ መሬት መሬት እያዩ፣ "ድካም ጥሎኝ አሸለብኩ" አሉ። "ስነቃ አልፈዋል።"

"ባሏ ጣር ላይ ሆኖ ተኛች!" አለች ከኋላዬ አንዷ፣ ሹክሹክታ በማይባል ድምፅ። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ወንድምየው "አዑዙ ቢላህ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እንዲህ ያለውን ነገር ለአርባ ዓመት ሚስት፣ ሁለት ሳምንት ዓይኗን ሳትከድን ላስታመመች!

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። እትዬ ከጎኔ ነበሩ። በነጠላቸው ሥር አንጓዬን ያዙና ጥፍራቸውን ቀበሩብኝ። ደም እስኪመጣ ድረስ አልለቀቁኝም። ቀና ስል ሃጂው ከወንዶቹ መሃል እያዩኝ ነው፤ ራሳቸውን በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቁልኝ። ዝም አልኩ።

ሸኹ በዝናብ፣ ቀን ሊጨልም ሲል ተቀበሩ። ለቅሶው ላይ ልቆይ ብል እትዬ አባረሩኝ። "ነገ ንጋት አውቶቡሱ ላይ ካልወጣሽ ምን ሠራሁ?" አሉኝ በጆሮዬ። ወጣሁ። እስከ ወረኢሉ ድረስ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ባሌ የሞተ መስሎት ብርቱካን ላጠልኝ። አማካሪዬ ውጤቱን አይተው "ንጹሕ ነው" አሉ። ጽሑፉ አለፈ።

እትዬ ላይ ግን ያቺ ቃል ቀረች። ውኃ ሲቀዱ፣ ሰርግ ሲሄዱ፣ "ባሏ ሲሞት የተኛችው" ይሏቸዋል፤ የባላቸው ዘመዶች ለዒድ እንኳ መጠየቅ ተዉ። እኔ በሰማሁ ቁጥር ይነድደኛል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

"ልናገር ነው እትዬ! ያሻቸውን ይበሉ!"

"ተናግረሽ ምን ልትሆኚ? ሬሳ አስቀምጣ ዲግሪ ያዘች ይሉሻል። ልጆቻቸውን አንቺ ዘንድ አይልኩም" አሉኝ። "እኔ አርጅቻለሁ፣ ስድብ አይከብደኝም። አንቺ ገና ብዙ ታስተምሪያለሽ። በሕይወት ሳለሁ እንዳትናገሪ፤ አማና ነው፣ አደራ።"

አማና ካሉ በኋላ ምን እላለሁ። ያዝኩት።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ያለፉ ዕለት በሰዓታቸው ተቀበሩ። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ሳለሁ፣ ካጠገቤ አንዲት ወጣት ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ፣ "እኚህ ናቸው አይደል ባላቸው ሲሞቱ ተኝተው የነበሩት?" አለቻት።

"አልተኙም" አልኳት።

ደነገጠች። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበርና ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ፤ የሸኹ ወንድም ልጆችም ከበሩ አጠገብ ነበሩ። ከመካከላቸው ግማሾቹን ፊዚክስ አስተምሬያቸዋለሁ።

"አልተኙም" አልኩ እንደገና። "የት እንደነበሩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ቁጭ በሉና ስሙ።"